ቤቱ አለ፣ ስሙ የለም

ሐረርን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ «ጊደር መጋላ» ሲባል ቢሰማ መጀመሪያ ዐይኑ ላይ የምትመጣው ያልወለደች ላም ናት። እናቴም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። አባቴ መምህር ነበርና በ1971 ዓ.ም. ወደ ሐረር ተዛወረ፤ እኛም ከጎጃም ጓዛችንን ጠቅልለን ተከተልነው። ያኔ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። በመጣን በሳምንቱ እናቴ ጀጎል ውስጥ ጊደር መጋላ የሚባል ገበያ መኖሩን ሰማች። ጎጃም ትታት የመጣችው ላም ትናፍቃት ነበርና ዋጋ ለመጠየቅ ያህል እጄን ይዛ በመኪና ግርግር በኩል ወረደች። ግራና ቀኝ የልብስ ሰፊዎች ሲንጀር ይንጫጫል፤ መንገዱ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ጫጫታ ነው። ታች ስንደርስ ሥጋ አለ፣ ቅመም አለ፣ ሰው አለ፣ ከሥጋ ሻጩ እጅ ለመመንተፍ ከላይ የሚያንዣብብ ጭልፊት አለ። ጊደር ግን የለም።

እናቴ ተመልሳ ጎረቤታችንን፣ አንዲት ሐረሪ አሮጊት፣ «እናቴ፣ ጊደሮቹን የት ነው የሚያስሯቸው?» አለቻቸው። አሮጊቷ እስኪያነቡ ሳቁ። «ልጄ፣ ጊደር እኮ በእኛ ቋንቋ ትልቅ ማለት ነው። መጋላ ገበያ ነው። ትልቁ ገበያ ነው ያሉሽ!»

ይህን ታሪክ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ለተማሪዎቼ ሳልነግር ያለፍኩበት ሴሚስተር የለም። ሰው የሚሰማው የሚያውቀውን ነው፤ የማያውቀው ስም ሲገጥመው በሚያውቀው ይተካዋል እያልኩ አስቃቸው ነበር። አብሮት ያለውን ሌላ ታሪክ ግን አልነገርኳቸውም። የሚያስቅ አይደለም።

ቀበሌ የሰጠን ቤት ባለ አንድ ፎቅ ነበር። እንደ ሐረሪዎቹ ቤት ፊቱን ወደ ግቢው መልሶ አይቀመጥም፤ የእንጨት ሰገነቱን ወደ መንገዱ አውጥቶ አላፊ አግዳሚውን ያያል። የአካባቢው ሰው «የህንድ ቤት» ይለዋል። ከበሩ በላይ አግድም የገባ ሰፊ እንጨት ላይ ጽሑፍ ተቀርጾ ነበር። አማርኛ አይደለም፣ አረብኛ አይደለም፤ የመስጊዶቹን ጽሑፍ ስለለመድኩ አረብኛን በመልኩ እለየው ነበር። እንዲህ አንድ ዓመት ያህል ኖርን። በዓል ደረሰና ወደ መንገድ የሚያዩ በሮች በሙሉ ቀለም እንዲቀቡ ታዘዘ። አባቴ የብርጭቆ ወረቀትና አሮጌ ቢላ ሰጥቶኝ «ያንን ጽሑፍ ፍቀህ አስተካክለው፤ ቀለሙ አይይዝም» አለኝ። ወንበር ላይ ቆሜ ከጠዋት እስከ ማታ ፋቅሁ። አባቴ በእጁ ዳሰሰና «ጎበዝ!» ብሎ ስሙኒ ሰጠኝ። በስሙኒው ጊደር መጋላ ወርጄ ሐልዋ ገዛሁ።

በማግስቱ ያቺ ጎረቤታችን በሩን ቀና ብለው አዩና፣ «ውይ፣ ስሙን ፋቃችሁት?» አሉ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር። «የማን ስም?» ብዬ አልጠየቅኋቸውም። የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ አፉ ሐልዋ ሐልዋ እያለው፣ የማን ስም ብሎ ይጠይቃል? እሳቸው ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም። አሁን በሕይወት የሉም።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው «ጊደር»ን በወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ያገኘኋት። እ.ኤ.አ. በ1963 ካሊፎርኒያ የታተመ፣ የሐረሪን ቃላት ከነሥራቸው የሚተነትን መዝገበ ቃላት ነው። አዘጋጁ ቮልፍ ሌስላው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1906 ፖላንድ ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ በቪየና፣ ቀጥሎም በፓሪስ ተማረ። ፓሪስ ያስተማረው ማርሴል ኮኸን ከእሱ በፊት በእኛ ቋንቋዎች የደከመ ሌላ አይሁዳዊ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ሌስላው ደቡብ ፈረንሳይ ሌ ሚል በሚባል ቦታ፣ የጡብ ፋብሪካ በነበረ ካምፕ ውስጥ ታሰረ። አምልጦ እ.ኤ.አ. በ1942 አሜሪካ ገባ። በተወለደበት አገር የቀሩት አይሁዶች አብዛኞቹ ተገደሉ። ጦርነቱ ባለቀ በዓመቱ ኢትዮጵያ መጣና የሐረሪን፣ የጉራጌን፣ የጋፋትን ቃላት መልቀም ጀመረ። የቤተ እስራኤልን የግዕዝ ጽሑፎችም ተርጉሞ በ1951 አሳተመ። መቶ ዓመት ሞልቶት የሞተው እ.ኤ.አ. በ2006፣ ሐረር ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና በተመዘገበችበት ዓመት ነው።

ነገሩን አስቡት። የገዛ ወገኖቹ ስም ከየበሩ ሲፋቅ ያየ ሰው እኛ ዘንድ መጥቶ የአንዲት ከተማን ቃላት አንድ በአንድ ይመዘግባል። እኔ ደግሞ የዚያችው ከተማ ልጅ፣ ያውም የቋንቋ ሰው እሆናለሁ የምል፣ በስሙኒ ስም እፍቃለሁ።

ያ ቀን እንደገና የመጣብኝ ጀርመን አገር ነው። ለስብሰባ ኮሎኝ ሄጄ በእግሬ ስዘዋወር ከንጣፉ ድንጋይ መካከል የሚያብረቀርቅ ነገር አየሁ። ጎንበስ ብል ዐሥር ሳንቲ ሜትር በዐሥር ሳንቲ ሜትር የሆነ የናስ ሰሌዳ ነው። «እዚህ ይኖር ነበር» ይልና ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ የተወሰደበት ቀን፣ የሞተበት ካምፕ ይዘረዝራል። ጀርመኖቹ «የእንቅፋት ድንጋይ» ይሉታል። የጀመረው ጉንተር ዴምኒግ የሚባል ሠዓሊ ሲሆን የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1992 እዚያው ኮሎኝ ተከለ። በ2023 በመላው አውሮፓ የተተከሉት 100,000 ደርሰዋል። ስሙን ለማንበብ የግድ አንገትን መድፋት ያስፈልጋል፤ ለካ እጅ መንሳትም ነው።

ጀርመን ውስጥ ስም እንዴት እንደጠፋ ማወቅ ይጠቅማል፤ በአንድ ቀን አልጠፋምና። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 1933 የናዚ ጠባቂዎች በአይሁድ ሱቆች በር ቆመው «ከአይሁድ አትግዙ» አሉ፤ መስኮቱ ላይም «አይሁድ» ብለው ጻፉ። መጀመሪያ የተደረገው እንግዲህ ማጥፋት ሳይሆን መጻፍ ነበር፣ ገዢው እንዲሸሽ። ቀጥሎ ስም መለወጥ መጣ። ሌዮናርድ ቲየትስ እ.ኤ.አ. በ1879 ሽትራልዙንድ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ትንሽ የጨርቅ ሱቅ ከፍቶ፣ በኋላ ማዕከሉን ኮሎኝ አድርጎ በየከተማው ታላላቅ መደብሮች የነበሩት ድርጅት አቋቁሟል። በ1933 ቤተሰቡ ድርሻውን በርካሽ እንዲለቅ ተገደደ፤ የቲየትስም ስም ተነሥቶ «ካውፍሆፍ»፣ የመገበያያ ግቢ እንደማለት፣ ተተካ። በ1938 የኅዳር ሌሊት ደግሞ ወደ 7,500 የሚሆኑ የአይሁድ ሱቆች ተሰባበሩ፣ ምኩራቦች ተቃጠሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። ጦርነቱ አልቆ ጀርመን እንደገና ስትሠራ ሰዉ «ካውፍሆፍ» እየገባ ካልሲና ሸሚዝ ገዛ። ስሙ የማንን ስም እንደተካ የሚያስብ ብዙ አልነበረም።

የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝና አንድ ነጋዴ ልጨምር። ዛልማን ሾከን የልብስና የቤት ዕቃ መደብሮች ባለቤት ነበር። በዚሁ ሀብት ማተሚያ ቤት አቋቁሞ ያሳተመው ማንን መሰላችሁ? ፍራንዝ ካፍካን። እ.ኤ.አ. በ1930 ኬምኒትስ ከተማ ያስከፈተው፣ ኤሪክ ሜንዴልሶን የነደፈው ሕንፃ ዛሬ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ነው። መደብር እንደነበር፣ የማን እንደነበር፣ ባለቤቱ እንዴት እንደተነጠቀ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ይነገራል። የሽፓየር፣ የቮርምስና የማይንስ ጥንታዊ የአይሁድ ቅርሶች በ2021፣ የኤርፈርት ደግሞ በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ዘግይተዋል፤ ሰዎቹ አልቀዋል። ቢሆንም ስማቸውን ፈልገው እየመለሱ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢዬ እንዳይሳሳትብኝ። እኛ አገር የሆነውን ከዚያ ጋር የማመዛዘን ሐሳብ የለኝም። ሐረር ውስጥ ነጋዴዎቹን ለመግደያ ካምፕ የጫነ የለም። የማነጻጽረው አንዱን ነገር ብቻ ነው፦ የተሠራን ቤት ይዞ የሠሪውን ስም መጣልን።

እስቲ ወደ ሐረር እንመለስ። ዩኔስኮ ከተማይቱን ሲመዘግብ 82 መስጊዶቿንና 102 ዐውልያዎቿን ብቻ አይደለም የቆጠረው፤ የመኖሪያ ቤቶቿንም ዓይነት ለይቷል። አንደኛው የታወቀው ሐረሪ ቤት ነው። ሁለተኛው «የህንድ ቤት» የሚባለው፣ አፄ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ በኋላ የመጡ ህንዳውያን ነጋዴዎች የሠሩት፣ የእንጨት ሰገነት ያለው ቤት ነው። ሦስተኛው የሁለቱ ቅይጥ ነው። ስለዚህ እነዚያ ነጋዴዎች የቅርሱ አካል ናቸው ማለት ነው።

አሁን ጎብኚ ሆናችሁ አስጎብኚ ተከተሉ። ከመኪና ግርግር ብዙ ሳይርቅ ባለ ፎቅና ባለ ሰገነት፣ መስኮቶቹ በቀለማት ያጌጡ፣ እጅግ ያማረ ቤት ታያላችሁ። «የሬምቦ ቤት» ይባላል። አርተር ሬምቦ፣ ግጥም ትቶ ቡናና ቆዳ የነገደው ፈረንሳዊ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1880 ሐረር ገባ። በ1891 ታሞ በቃሬዛ ወጣና በዚያው ዓመት ማርሴይ ሞተ። ቤቱን የሠራው ግን ህንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ሬምቦ በዚህ ቤት አልኖረም የሚሉ አጥኚዎችም ብዙ ናቸው። እኔ ራሴ ሬምቦን አስተምሬያለሁ፣ ተማሪም ይዤ ሄጃለሁ። ሰገነቱ ላይ ቆመን ስለ ግጥሙ ስናወራ ሰገነቱን ስላቆመው ሰው ያነሣ አልነበረም።

ጥቂት ዕልፍ ስትሉ «የራስ ተፈሪ ቤት» አለ፤ ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም ነው። እሱንም የሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው። ልብ በሉ፦ በሐረር ከሚጎበኙት የህንድ ቤቶች ሁለቱ ታዋቂዎች በእንግዳ ስም ነው የሚጠሩት፤ አንዱ በባለቅኔ፣ አንዱ በንጉሥ። የነጋዴ ስም አይበረክትም። ስሙ የተረፈለት ካለ ንግዱ እጅግ የሰፋለት ነው። ከሐረር ተነሥቶ እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው የመሐመድ አሊ የንግድ ቤት እንዲህ ነበር፤ እሱንም ፋሺስቶች በ1937 እ.ኤ.አ. ዘግተው አባረሩት።

«ታዲያ አይሁዶቹስ?» እንዳትሉኝ። መልሱ ያለው ከባሕሩ ማዶ ነው። የሐረር ቡና በግመል ወደ ዘይላ፣ የባቡሩ ሐዲድ ከተዘረጋ በኋላም በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ ይወርድና ባሕር ተሻግሮ ኤደን ይገባ ነበር። ሬምቦንም ወደ ሐረር የላከው ኤደን ያለ የንግድ ቤት ነው። በኤደን ደግሞ ብዙ ዘመን የኖሩ የየመን አይሁዶች ነበሩ፤ ከመካከላቸውም ሜሳ የሚባለው ባለጸጋ ቤተሰብ በንግድም በማኅበር መሪነትም ግንባር ቀደም ነበር። ከነዚህ አይሁዶች የተወሰኑት ወደ እኛ አገር ተሻግረው ቆዳና ቡና ነገዱ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የራሳቸው ምኩራብ ነበራቸው። የሜሳ ቤተሰብ የንግድ ቤት «ቤኒን» ይባል ነበር። ፒያሳን የሚያውቅ «ቤኒን ሰፈር» ሲባል ሳይሰማ አልቀረም። ከዚሁ የመጣ ስም ነው። አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ ጠይቄ፣ ጎበዝ የተባለ ተማሪዬ «የምዕራብ አፍሪካዋ የቤኒን ኤምባሲ እዚያ ስለነበረ ይሆናል» ብሎኛል። የእናቴ ጊደር እንደገና መጣች! ሰው የማያውቀውን ስም በሚያውቀው ይተካል።

እዚያው ኤደንስ ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1947 በተነሣው ሁከት 82 አይሁዶች ተገደሉ፣ ሱቆቻቸው ተዘረፉ። አብዛኞቹ በሚቀጥሉት ዓመታት ወደ እስራኤል ሄዱ፤ እንግሊዝ በ1967 ስትወጣ የማኅበረሰቡ ታሪክ አበቃ። አዲስ አበባ የነበሩትም በየጊዜው እየለቀቁ ሄዱ።

የራሳችን ቤተ እስራኤል ነገር ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ብትሄዱ ባለ ኮከብ ምልክት አለ፣ ለቱሪስት የሚሸጥ የሸክላ ምስል አለ። ሰዎቹ ግን ከ1977 ዓ.ም. የሙሴ ዘመቻ እስከ 1983ቱ የሰሎሞን ዘመቻ፣ ከዚያም ወዲህ፣ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ወለቃ ላይ ስሙ ቀርቶ ሰዎቹ ሄዱ፤ ሐረር ላይ ቤቱ ቀርቶ ስሙ ጠፋ።

ለምን ጠፋ ካላችሁ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ እኔ ያደግሁበት ጣሪያ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ቤት ለነበረው መርዶ ነው፤ ቤት ላልነበረው ብሥራት ነው። የመምህር ደመወዝ ይዞ ከጎጃም ለመጣው አባቴ ብሥራት ነበር። ያ ቤት ስድስት ልጆች አሳድጓል። አዋጁን እዚህ ቁጭ ብዬ ብረግም ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ግን አዋጁ ቤቱን እንጂ ስሙን ውረሱ አላለም፤ ፋቁትም አላለም። ስሙን የፋቅነው እኛው ነን፣ ቀለሙ አይይዝም ብለን።

ይህ የትናንት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ አይተናል። መንገድ ይስፋ፣ ከተማ ይታደስ፤ አሮጌ ሁሉ ይቀመጥ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ነገር ግን የእኛ የሰፈር ስም እንደ ጀርመኖቹ በናስ አልተጻፈም። ያለው በአፍ ነው፤ አፉ ደግሞ ያለው በነዋሪው ላይ ነው። ነዋሪው ወደ ዳር ሲወጣ ስሙም አብሮ ይጫናል፣ እዚያ ሲደርስም የሚጠራበት ቦታ ያጣል። ሕንፃ ሲፈርስ ፎቶው ይቀራል። ስም ሲፈርስ ግን ፎቶ የለውም።

ባለፈው ዓመት ሐረር ሄጄ ነበር። ጊደር መጋላ ያው ናት፤ ጭልፊቱም ሥራውን አልተወም። ቤታችን ጋ ስደርስ ሰገነቱ ላይ አንዲት ወጣት ልጇን አዝላ ልብስ ታሰጣለች። ሰላምታ ሰጥቼ ልጅ ሆኜ እዚህ እንደኖርኩ ነገርኳት። ደስ አላት፤ «ግቡ ጋሼ፣ ቤታችሁ ነው» አለችኝ።

«የማን ቤት ነው?» አልኳት።

«የቀበሌ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ ጋሼ! የህንድ ነው ሲሉ እሰማለሁ።»

ህንድ አገር ነው፤ አገር ደግሞ በር ላይ ስሙን አይቀርጽም። አንድ ሰው ነበር፤ ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ ነግዶ፣ ልጅ ወልዶ ይሆናል፣ እንጨት አስጠርቦ ስሙን ያስቀረጸ። ዕብራይስጥ ሳይ «ፊደሉ ይኸው ነበር» እላለሁ፤ ጉጅራቲ ሳይ ደግሞ «አይ፣ ይህ ነው» እላለሁ። ወንበር ለመንኳትና ወጥቼ ከበሩ በላይ ያለውን እንጨት በጣቴ ዳሰስኩ። ምንም የለም። ሥራዬን በሚገባ ነበር የሠራሁት።

የሐረር ማዘጋጃ ቤት፣ የቅርስ ባለሙያዎች፣ የታሪክ ተማሪዎች የየቤቱን የመጀመሪያ ባለቤት ስም ከሽማግሌው አፍ፣ ከድሮ የግብር ደረሰኝ፣ ከፍርድ ቤት መዝገብ ለቅመው በር ላይ ቢለጥፉ ምንኛ ደስ ባለኝ። ያ ብዙ ገንዘብ አይፈጅም፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ጊዜ የላቸውም። እስከዚያው ግን አሮጌ ቤት ውስጥ የምትኖሩ ሁሉ፣ በራችሁ ላይ፣ ግድግዳችሁ ላይ፣ የግቢው ድንጋይ ላይ የማታነቡት ጽሑፍ ካለ ዛሬውኑ ፎቶ አንሡት። ፎቶ ማንሻ ያለው ስልክ ከሌላችሁ ወረቀት ደርባችሁ በእርሳስ አሹት፣ ይወጣል። ጎረቤት ካሉት አሮጊት ዘንድም ሄዳችሁ «የማን ስም ነው?» በሏቸው።

ቀለሙን ከዚያ በኋላ ትቀባላችሁ።